ከሊቢያ ስልክ ሲደወል፦ ልጁ በማን እጅ ነው?

ባለፈው ወር አንዲት እናት ጎሚስታ ቤቴ በር ላይ ቆመው «ሊቢያ ነበር የሚሉት አንተ ነህ ልጄ?» አሉኝ። ስልካቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረውታል። ደሴ ውስጥ እንዲህ ብሎ የሚመጣ ሰው ለጎማ እንዳልመጣ ካወቅኩ ቆይቻለሁ። በርጩማ አቅርቤ አስቀመጥኳቸው። ልጃቸው ከሄደ አምስት ወሩ ነው። ከሦስት ቀን በፊት በኢሞ ደውለው ሲገረፍ አሰምተዋቸዋል። 6 ሺህ ዶላር አምጪ ተብለዋል። አንዱን በሬ ሸጠዋል፣ ለመሬቱ ኮንትራት ሰው አነጋግረዋል፣ ሊፈርሙ ሁለት ቀን ቀርቷቸዋል።

«በማን እጅ ነው ያለው?» አልኳቸው።

«በሊቢያ» አሉኝ።

ሁሉም እንዲህ ነው የሚለኝ። ሊቢያ የሚባል አንድ እጅ ግን የለም። ለማን እንደምትከፍሉ፣ ለማን እንደምታመለክቱ፣ መክፈሉ ራሱ ልጁን ያስወጣው እንደሆነ የሚወሰነው በዚህች ጥያቄ ነው። እኔ ከ2000 እስከ 2010 ዓ.ም. ትሪፖሊ፣ ጋርጋሬሽ በሚባለው ሰፈር ጎማ ስጠግን ኖሬያለሁ (እነሱም «ጎማ» ነው የሚሉት፤ ጣሊያን ለሁለታችንም የተወልን ቃል ነው)። የሕግ ሰው አይደለሁም። እዚያ ያየሁትንና ከተመለስኩ በኋላ በሰው ቤት ስልክ ላይ የሰማሁትን ነው የምጽፈው።

ጥያቄው ከየት መጣ

ቃዛፊ እያለ ደህና ነበር የሚሉ ልጆች አሉ። እኔ አልልም። ስገባ ኩፍራ እስር ቤት አርባ ቀን ተኝቻለሁ፤ ያስወጣን ፖሊስ ለደላላ ሸጦን ነው። በ2001 ደግሞ ጣሊያን ከባሕር የያዘቻቸውን ለቃዛፊ መመለስ ጀምራ ነበር። ግን የሸጠኝ ሰው ዩኒፎርም ነበረው፣ ዩኒፎርሙም የአንድ መንግሥት ነበር። ሰው ሲጠፋ የት እንደሚፈለግ ይታወቃል። ጉቦውም አንድ ቦታ ነው የሚከፈለው።

በየካቲት 2003 ቤንጋዚ ተነሳች። በመጋቢት የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ 1973ን አሳለፈ፤ ሲቪሎችን ለመጠበቅ ይላል። በሁለተኛው ቀን ፈረንሳይ፣ እንግሊዝና አሜሪካ መደብደብ ጀመሩ፤ ከዚያ ኔቶ ተረከበው። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ያው ውሳኔ የውጭ ወራሪ ጦር በምንም መልክ መሬት እንዳይረግጥ ይከለክል ነበር። በወቅቱ ጥሩ ነገር ይመስል ነበር። ጥቅምት 9 ቀን 2004 ቃዛፊ ሲርት ላይ ተገደለ፤ ወሩ ሳያልቅ፣ እነሱ አቆጣጠር ኦክቶበር 31፣ ኔቶ ዘመቻዬን ጨረስኩ ብሎ ዘጋ። የ42 ዓመት አገዛዝ የጦር መሣሪያ መጋዘን በየከተማው ክፍት ቀረ፤ የሚሰበስበው ሰው አልነበረም።

እኔ ያን ጊዜ ከጎማ ክምር ጀርባ ነበርኩ። «ጥቁር ሁሉ የቃዛፊ ቅጥረኛ ነው» የሚል ወሬ ተነስቶ ሰው ከየቤቱ እየተለቀመ ነበር። አሠሪዬ ሱቁን ከውጭ ቆልፎብኝ በየሁለት ቀኑ ማታ ዳቦና የቱና ቆርቆሮ እያመጣ 23 ቀን አኖረኝ። ታዋርጋ የምትባለው ከተማ ሊቢያውያን ናቸው፣ ግን ጥቁሮች ናቸው፤ የሚስራታ ተዋጊዎች ወደ 40 ሺህ የሚጠጋውን ሕዝብ ነቅለው ከተማዋን ባዶ አደረጓት።

ቀጥሎ የመጣው ነው እናንተን የሚመለከታችሁ። አዲሶቹ መንግሥታት ታጣቂውን መበተን አልቻሉም፣ ስለዚህ ደመወዝ ቆረጡለት። አንዱ ካቲባ (የታጣቂ ጓድ ማለት ነው) በአገር ውስጥ ጉዳይ ሥር፣ ሌላው በመከላከያ ሥር እየተባለ ተመዘገበ። አዛዡ ግን ያው የሰፈሩ ሰው ነው። በ2006 ደግሞ መንግሥቱ ራሱ ለሁለት ተከፈለ፣ ዋናው አየር ማረፊያም በካቲባዎች ጦርነት ተቃጠለ። ከሱቄ እስከ ቤቴ አራት ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ሦስት ኬላ ነበረበት፣ ሦስቱም የተለያየ ምልክት ያደረጉ ልጆች ናቸው።

(ስለ ሊቢያ ስታነቡ «2011» ከተባለ የማን 2011 እንደሆነ እዩ። በፈረንጁ ኔቶ የደበደበበት ዓመት ነው። በእኛ ደግሞ የምሥራቅ ሊቢያው የጦር አዛዥ ሃፍታር ትሪፖሊን ለመያዝ የዘመተበትና ታጁራ ማቆያ ውስጥ የታሰሩ ከ50 በላይ ስደተኞች በአውሮፕላን የተገደሉበት ዓመት ነው። ይህን ቀላቅሎ የሚያወራ ደላላ አጋጥሞኛል።)

«በማን እጅ ነው?» የሚለውንም ያስተማሩኝ ሊቢያውያን ራሳቸው ናቸው። በ2008 አሠሪዬን ጠለፉት። ሀገሬው ነው፣ ጎሳ አለው፣ ወንድሙም ደመወዝተኛ ታጣቂ ነው። ሰዎቹ ደውለው 40 ሺህ ዲናር ጠየቁ። ወንድሙ ገንዘብ መሰብሰብ አልጀመረም። አራት ቀን ሙሉ ከሽማግሌ ሽማግሌ፣ ከኬላ ኬላ እየዞረ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚጠይቀው፦ የትኛው ካቲባ ነው የያዘው? በአምስተኛው ቀን አወቀ። ለዚያ ካቲባ የሚሰማ የጎሳ ሰው ፈልጎ 15 ሺህ ከፍሎ አስወጣው። መጀመሪያ ቀን ሮጦ ቢከፍል ኖሮ ገንዘቡን የሚበላው ደዋዩ ነበር፤ አሠሪዬም እዚያው ይቀር ነበር።

የመጀመሪያው ስልክ

ሃምሳ ሉክ ደብተር ግዙ። ብጣሽ ወረቀት ይጠፋል፣ ስልክ ይሰረቃል፣ ቻትም ይሰረዛል።

የሚያነጋግር አንድ ሰው ምረጡ፤ እናት አትሁን። እናት ስለማትችል አይደለም። እናት ስታለቅስ ገራፊው ሥራው እንደሠራ ያውቃልና ይጨምርበታል። አጎት፣ ታላቅ እህት፣ ድምፁ የማይንቀጠቀጥ ጎረቤትም ይሆናል። ያ ሰው ብቻ ያንሳ። ሌላው ካነሳ «እሱ ነው የሚያነጋግራችሁ» ብሎ ይዝጋ። ይህ ጭካኔ ይመስላል፤ እኚያ እናት አንድ ቀን ሙሉ ተቆጥተውኝ ነበር።

ደብተሩ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የታየውን ቁጥር ጻፉ። በ218 የሚጀምር የሊቢያ፣ በ249 የሱዳን፣ በ971 የኤምሬቶች ነው። ኢሞና ዋትስአፕ ላይ ቁጥሩ የወጣበት ሀገርና ሰውየው ያለበት ሀገር አንድ ላይሆን ይችላል፤ ቢሆንም ጻፉት። በ251 የሚጀምር ከመጣ ግን በቀይ አስምሩበት፤ ለምን እንደሆነ በኋላ እመጣበታለሁ። በምን ቋንቋ አወራ? አማርኛ ከሆነ የየት ሀገር አነጋገር ነው? ሌሎቹ ምን ብለው ይጠሩታል? ስንት ጠየቀ? በየት በኩል ላኩ አለ? የባንክ ሒሳብ ከሰጠ ቁጥሩን ከነስሙ። ሁለተኛ ስልክ ካለም ንግግሩን ቅዱት።

ቀጥላችሁ «ልጁን አገናኘኝ» በሉ። ሲያገናኝ ፌስቡክ ላይ የማይገኝ ነገር ጠይቁት። የአባቱ ስም፣ የትምህርት ቤቱ ስም አይሆንም፤ ያን ማንም ያገኘዋል። እኛ «ቡሬ ቀንዱን የት ሰበረ?» ብለን ነው የጠየቅነው። ቡሬ ያ የተሸጠው በሬ ነው። ልጁ ትንሽ ዝም አለና «ቦርከና» አለ። እናትየው ከጓሮ ቆመው ይሰሙ ነበር፤ እልልታም ለቅሶም ያልሆነ ድምፅ አወጡ። ቢያንስ በሕይወት አለ፣ የደወለውም በእርግጥ የያዘው ሰው ነው።

ልጁን አታስጨንቁት። የያዘው ሰው አጠገቡ ነው፣ ድምፁም ክፍት ነው፣ አማርኛ የሚሰማም አለ። «የት ነው ያለኸው?» ካላችሁት የሚመታው እሱ ነው። ቀላል ቀላሉን ጠይቁ፦ ባሕር ገብተህ ነበር? ብቻህን ነህ ወይስ ብዙ ናችሁ? ሌሊት ይበርዳል? ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው መጋዘን ሌሊት ይበርዳል፣ ቀን ያቃጥላል። ምላሹ አንድ ቃል ቢሆንም ጻፉት።

አሜሪካ ወይም ሪያድ ያለ ዘመድ ስም በስልኩ ላይ ፈጽሞ አይነሳ። ልጆቹን የሚገርፉበት አንዱ ምክንያት የውጭ ዘመድ ቁጥር ለማውጣት ነው። «አክስቱ ዋሽንግተን አለች፣ እሷን እንጠይቅ» ያለ ቤተሰብ አውቃለሁ፤ በማግስቱ ዋጋው እጥፍ ሆነ። ደዋዩን አትሳደቡ፣ ቀን አትቁረጡለት፣ «የለንም»ም አትበሉ። «እየሰበሰብን ነው፣ ድሃ ነን፣ ልጁን አትንካው» ይበቃል። ይህንኑ መልሳችሁ መላልሳችሁ በሉ።

አራቱ እጆች

የመጀመሪያው የወሰደው ደላላ እጅ ነው። «አሁን ሂድ፣ ስትደርስ ትከፍላለህ» ብሎ ከዚህ የሸኘው ሰንሰለት በርሃውን ካሻገረው በኋላ መዝራ ውስጥ ይዘጋበታል። መዝራ እርሻ ማለት ነው፤ ግንብ አጥር ያለው፣ ዛፍ ሳይሆን ሰው የታጨቀበት። እንዲህ ያለ ቦታ በኩፍራ፣ በታዚርቡና በባኒ ወሊድ በኩል ይበዛል። ምልክቱ፦ ስልክ ላይ የሚያወራው ሐበሻ ነው፤ አብረው የሄዱት የሰፈር ልጆች ሁሉ አንድ ዓይነት ዋጋ ተጠይቀዋል፤ የመጀመሪያው ስምምነት «ተቀየረ» ይባላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር በእጃችሁ አለ። የሸኘው ደላላ የሚኖረው እናንተ ሰፈር ወይም ቀጣዩ ከተማ ነው፣ እናትና አባት አለው፣ ቅሬ (ዕድር) ይገባል።

ሁለተኛው የጠላፊ እጅ ነው። መኪናው በርሃ ላይ ተይዞ ወይም ልጁ ከመዝራው ተሸጦ ሌላ ሰው ጋ ሲገባ ነው። ዋጋው ድንገት ይዘላል፣ ስለ ጉዞ አይወራም፣ ቪዲዮ ይመጣል። ዋናው ሰውዬ ዓረብ ይሆንና በአማርኛ የሚያወራው አስተርጓሚ ይሆናል። ይህን አስተርጓሚ አትስደቡት፤ ብዙ ጊዜ እሱም እስረኛ ነው፣ ዓረብኛ ስላወቀ ነው ስልኩ የተሰጠው። ጋርጋሬሽ አብሮኝ የኖረ ልጅ ሰባት ወር እንዲህ ሲያስተረጉም ከርሟል። ከዚያ ወዲህ ስልክ ሲጮህ ከክፍል ይወጣ ነበር።

ሦስተኛው የመንግሥት ማቆያ ነው። ባሕር ላይ በጠረፍ ጠባቂው የተያዘ ወይም ከቤቱ በአፈሳ የተወሰደ ብዙውን ጊዜ እዚህ ይገባል። ጣሊያን በ2009 ዓ.ም. ከትሪፖሊ ጋር ተዋውላ ጠረፍ ጠባቂውን ማገዝ ከጀመረች ወዲህ ከባሕር የሚመለሰው ሰው በዛ። በመስከረም 2014 እኔ የኖርኩበት ጋርጋሬሽ ታፍሶ በጥቂት ቀን ከ5 ሺህ በላይ ሰው ታሰረ። ታሪቅ አል-ሲካ፣ አቡ ሳሊም፣ አይን ዛራ፣ ዛዊያ፣ ጋርያን የሚሉ ስሞች ከሰማችሁ ወደዚህ አስቡ። «መንግሥት» ስል ግን ከላይ ያልኩትን አትርሱ፤ በሩን የሚጠብቀው ደመወዝ የተቆረጠለት ካቲባ ነው። ዘበኛው ገንዘብ ይጠይቃል፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጠላፊ ያነሰ ነው። ትልቁ ልዩነት የተባበሩት መንግሥታት ሠራተኞች እዚህ አንዳንዴ መግባታቸው ነው። «ስም የሚጽፍ ሰው መጥቶ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት።

አራተኛው ባዶ እጅ ነው። ልጁ እሱ ጋ የለም። ቤተሰብ ለእርዳታ ፌስቡክ ላይ የለጠፈውን ፎቶና ስልክ ቁጥር አይቶ የሚደውል አጭበርባሪ ነው። ልጁ ምናልባት ሱዳን ውስጥ ስልክ አጥቶ ተቀምጧል፤ ምናልባት የለም። ይህ ሰው የቡሬን ቀንድ ስትጠይቁት «አሁን ተኝቷል» ይላል።

እጅ ይለወጣል። ዛሬ አንደኛው ጋ ያለ በሳምንቱ ሁለተኛው ጋ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ አዲስ ድምፅ ወይም አዲስ ቁጥር በመጣ ቁጥር ጥያቄውን ከመጀመሪያው ጀምሩ። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ለአንድ ልጅ ከደወሉ ለማንም አትላኩ።

የከተማ ስም ከሰማችሁ ደግሞ ወደየት በኩል እንደሆነ እወቁ። ኩፍራ፣ ታዚርቡ፣ አጅዳቢያ፣ ቶብሩክ፣ ቤንጋዚ ምሥራቅ ናቸው፤ የሃፍታር ወገን ነው የያዛቸው። ትሪፖሊ፣ ዛዊያ፣ ዙዋራ፣ ሳብራታ፣ ሚስራታ ምዕራብ ናቸው፤ ትሪፖሊ ያለው መንግሥት ነው፣ በየከተማው ግን የየራሳቸው ታጣቂ አላቸው። ባኒ ወሊድ ከትሪፖሊ በደቡብ ምሥራቅ ናት፤ ለማንም እሺ የማትል ከተማ ናት። ትሪፖሊ ያለ ባለሥልጣን ኩፍራ ላለ ልጅ ምንም ማድረግ አይችልም። «ትሪፖሊ ሰው አለኝ፣ ከኩፍራ አስወጣዋለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁን በዚህ ትለዩታላችሁ።

ለማን ይነገራል

ኤምባሲ ብላችሁ ብዙ አትጠብቁ። በሚያዝያ 2007 የአይሲስ አሸባሪዎች ወንድሞቻችንን ባሕር ዳርቻ ላይ ሲያርዱ፣ በርሃ ላይ ደግሞ በጥይት ሲገድሉ የሚያሳየው ቪዲዮ በወጣ ጊዜ እንኳ መንግሥት ማንነታቸውን ሲያጣራ የነበረው በካይሮው ኤምባሲ በኩል ነው። እኔ ያን ሳምንት ትሪፖሊ ነበርኩ፤ አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ ፈትቼ ጫማዬ ውስጥ አደረግኩት። ለማንኛውም ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሄዳችሁ አስመዝግቡ፤ ልጁ አንድ ቀን ሊሴ ፓሴ (ፓስፖርት ለሌለው የሚሰጥ የመመለሻ ወረቀት) ሲያስፈልገው ስሙ ያለበት ቦታ ይኑር።

የዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት (አይ.ኦ.ኤም) ሊቢያ ውስጥ በፈቃደኝነት መመለስ የሚፈልገውን ያሳፍራል። እኔም የመጣሁት እንዲያ ነው። ግን መዝራ ሰብሮ ማንንም አያወጣም፤ የሚጠቅመው ማቆያ ውስጥ ላለና ለተለቀቀ ነው። ዩ.ኤን.ኤች.ሲ.አር ስደተኛ ይመዘግባል፤ ሊቢያ የ1951ን የስደተኞች ስምምነት ስላልፈረመች ግን እንዲመዘግብ የምትፈቅድለት የተወሰኑ ሀገሮችን ሰዎች ብቻ ነው፤ ለእኛም ሰው በሩ ጠባብ ነው። ድምፁ ለጠፋ ልጅ ደግሞ ቀይ መስቀል የጠፋ ቤተሰብ የማፈላለግ አገልግሎት አለው፤ ክፍያ የለውም። ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የትውልድ ዘመን፣ መጨረሻ የተደወለበትን ቀንና ቦታ ይዛችሁ ሂዱ። ደብተሩ እዚህም ያገለግላል።

ፖሊስ ጋ መሄድ የሚያስፈራ ነገር ነው። «ከሰሙ ይገድሉታል» ይላሉ። ሊቢያ ያለው ገራፊ ደሴ ፖሊስ ጣቢያ የገባውን አያይም፤ የሚያየው እዚህ ያለው ደላላ ነው። ስለዚህ ለሰፈር ሳታወሩ በጸጥታ ሂዱ፤ ከተቻለ ሰፈራችሁ ያለው ጣቢያ ሳይሆን ከፍ ወዳለው። አዋጅ 1178/2012 ሰው መነገድንና በሕገ ወጥ መንገድ ማሻገርን የሚቀጣ ነው፤ ገንዘብ ተቀባዩም አያመልጥም። ቁጥሩን ጠቅሳችሁ አመልክቱ፤ «ራሱ ፈልጎ ነው የሄደው» ብለው ሊመልሷችሁ ከሞከሩ እሱ ይረዳችኋል። እኔን መልሰውኝ ያውቃሉ። በሦስተኛው ጊዜ ነው የተቀበሉኝ።

ገንዘቡ

«አትክፈሉ» ብዬ እናት ፊት መቆም አልችልም። ባኒ ወሊድ ሳይከፈልላቸው የሞቱ አውቃለሁ፤ ሁለት ጊዜ ተከፍሎላቸው ሦስተኛ የተሸጡም አውቃለሁ። የምለው፣ ከመክፈላችሁ በፊት እጁን እወቁ ነው።

ዶላር ለምን እንደሚፈልጉ ማወቅም ይረዳችኋል። በ2010 መጀመሪያ አካባቢ ባንክ ውስጥ አንድ ዶላር 1.4 ዲናር ግድም ነበር፣ ጎዳና ላይ እስከ 9 ዲናር ደርሶ ነበር። ሰው ከራሱ ባንክ የራሱን ደመወዝ ለማውጣት ሌሊት ተሰልፎ ያድር ነበር። እኔን ጨምሮ የሐበሻ ገላ ያን ጊዜ ከባንክ የተሻለ የውጭ ምንዛሪ ምንጭ ሆነ። ደዋዩ ስለዚህ ይቸኩላል፤ የያዘውን ልጅ ማብላት፣ ማስጠበቅ፣ ከሌላ ካቲባ መደበቅ አለበት። መጀመሪያ ቀን የጠራው ዋጋ የመጨረሻው አይደለም። በአሥር ቀን ውስጥ ከግማሽ በታች ሲወርድ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። እነዚያን አሥር ቀናት እንዴት ታልፏቸዋላችሁ የሚለውን ግን ማንም አይነግራችሁም፤ እኔም አላውቅም።

መሬት አትሽጡ፣ አራጣ አትግቡ። ልጁ ሲመለስ የሚቆምበት ያስፈልገዋል፣ ዕዳውን ለመክፈል ደግሞ ሁለተኛው ልጅ እንደገና የሚሄድ ቤት ብዙ ነው። ፎቶውንና የገንዘቡን መጠን በፌስቡክ አትለጥፉ፤ አራተኛውን እጅ ትጠራላችሁ፣ የያዙትም «ሰብስበዋል» ይላሉ። ቅሬው፣ መስጊዱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ይስማ፤ ስንት እንደደረሰ ግን ሁለት ሰው ብቻ ይወቅ።

ለመክፈል ከወሰናችሁ «የት ነው የምትለቀው?» የሚለውን አስቀድሙ። «በር ላይ» ካለ እሺ አትበሉ፤ በር ላይ የሚጠብቅ ሌላ መኪና አለ። ትሪፖሊ ውስጥ ሐበሻ በሚበዛበት ሰፈር፣ ስሙን የምታውቁት ሰው ጋ ያድርሰው፤ ገሚሱ አሁን፣ ገሚሱ ልጁ ከዚያ ሰው ስልክ ሲደውል። ሁሉም አይቀበልም። አንደኛው እጅ ብዙ ጊዜ ይቀበላል፣ ነገ ሌላ ሰው ሊልክ ስለሚፈልግ ስሙን ይጠብቃል። የላካችሁበትን ደረሰኝ፣ ገንዘቡን የተቀበለውን ሰው ስምና መልክ ደብተሩ ውስጥ አድርጉ።

ከተለቀቀ በኋላ

የመጀመሪያውን ሳምንት ከቤት አይውጣ። ወረቀት የሌለው ከሲታ ሐበሻ ኬላ ላይ ከታየ ያው ይመለሳል። «አሁንማ እዚህ ደርሻለሁ፣ ባሕሩን ልሞክር» ይላል፤ ሁሉም ይላል፣ እኔም ብያለሁ። ቤተሰብ ያኔ ዝም ማለት የለበትም። ባሕሩ ከመለሰው ሦስተኛው እጅ ላይ ነው የሚወድቀው። አይ.ኦ.ኤም እንዲመዘገብ ገፋፉት። ወረፋው ወራት ይወስዳል፣ ከትሪፖሊ በረራው በብዛት የሚነሳው ከሚቲጋ አየር ማረፊያ ነው፣ ሚቲጋ ደግሞ በተተኮሰ ቁጥር ይዘጋል።

ሲመጣ ሐኪም ቤት ውሰዱት፤ ሳንባውን ይታይ፣ እከክና የተቃጠለ ቆዳ ይታከም። ዕዳው ስንት እንደሆነ እራት ላይ አይነሳ። ሌሊት መብራት አብሩልኝ ካለ አብሩለት። እኔ ከመጣሁ ስምንት ዓመት ሆኖኛል፣ አሁንም በሩ ክፍት ካልሆነ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ሚስቴ ለምዳዋለች።

አሁን በ251 ስለሚጀምረው ቁጥር ላንሳ። የእኛው ሀገር ቁጥር ነው፤ ደዋዩ እዚሁ አጠገባችሁ ሊሆን ይችላል። ኪዳኔ ዘካሪያስ የሚባለው፣ ባኒ ወሊድ ላይ መዝራ ነበረው የተባለው ሰው፣ በየካቲት 2012 አዲስ አበባ የተያዘው አንድ ያሰቃየው ልጅ መንገድ ላይ አይቶት ለፖሊስ ስለጠቆመ ነው። በዓመቱ አመለጠ፣ በሌለበት ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፣ በታኅሣሥ 2015 ሱዳን ውስጥ እንደገና ተያዘ። ጓደኛው ተወልደ ጎይቶምም እዚሁ ተይዞ 18 ዓመት ተፈርዶበት ኋላ ለኔዘርላንድ ተላልፏል። እነዚህ ሰዎች ከሊቢያ ወጥተው በእኛ ከተማ ቡና ይጠጡ ነበር። የሚያስይዛቸው ፊታቸውን፣ ድምፃቸውንና የባንክ ሒሳባቸውን የጻፈ ሰው ነው።

የእኚያ እናት ልጅ አንደኛው እጅ ላይ ነው፣ ታዚርቡ። ከ6 ሺህ ወደ 2 ሺህ 500 ወርዷል። የመሬቱን ኮንትራት አልፈረሙም። ትናንት ደብተሩን ይዘው መጡ፤ ሦስተኛ ክፍል ያለች የልጅ ልጃቸው ናት የምትጽፍላቸው። በስምንተኛው ገጽ ላይ «251» ብላ ጽፋ በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ አስምራበታለች፤ ከጎኑ ደግሞ «ይህ ሰው ድምፁ የገበያው ሰው ነው ብላለች እማማ» ብላለች።